ቅዱስ አትናቴዎስ ሐዋርያዊ፡- እስከ መጨረሻው የጸና አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የክርስትና ሕይወት በጥምቀት ተጀምሮ በመንግሥተ ሰማያት የሚፈጸም ጉዞ ነው። በዚህ ጉዞ ብዙዎች በደስታ ይነሣሉ፤ ፈተና በበዛ፣ ዘመኑም በረዘመ ጊዜ ግን የሚደክሙ፣ ወደ ኋላም የሚመለሱ ጥቂቶች አይደሉም። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በደብረ ዘይት ተቀምጦ ስለ መጨረሻው ዘመን ባስተማረ ጊዜ መዳንን ያያያዘው እስከ ፍጻሜ ከመጽናት ጋር ነው (ማቴ. ፳፬፥፲፫)። ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም የቅዱሳንን ገድል በየዕለቱ የምታነብልን ይህን ትምህርት ቃል ብቻ ሳይሆን በሥጋና በደም የተኖረ ሕይወት መሆኑን እንድናይ ነው። እንዲህ ካሉት አባቶች አንዱ በየዓመቱ ግንቦት 7 ቀን መታሰቢያውን የምናደርግለት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዘመነ ሰማዕታት ያደገ ሕፃን

ቅዱስ አትናቴዎስ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ በእስክንድርያ ከተማ ተወለደ። በሕፃንነቱ ዘመን የሮም ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፣ ቅዱሳት መጻሕፍት እንዲቃጠሉ በ303 ዓ.ም. አዋጅ አወጣ። የግብፅ ምድር በሰማዕታት ደም ታጠበች። የእስክንድርያ 17ኛ ፓትርያርክ የነበረው ተፍጻሜተ ሰማዕት ቅዱስ ጴጥሮስ በ311 ዓ.ም. አንገቱን ሲሰጥ አትናቴዎስ ገና ልጅ ነበር። ስለዚህ ሃይማኖት ሕይወትን የሚያስከፍል መሆኑን የተማረው ከመጽሐፍ አስቀድሞ በዓይኑ ካያቸው፣ በሠፈሩም ከሚያውቃቸው ሰዎች ነው።

በቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንደሚነገረው አንድ ቀን በባሕር ዳር ከልጆች ጋር ሲጫወት እርሱ ጳጳስ ሆኖ ባልንጀሮቹን እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያጠምቅ ነበር። ሊቀ ጳጳሳቱ ቅዱስ እለእስክንድሮስ ይህን አይቶ አስጠራው፤ የልጁንም ማስተዋል ተመልክቶ ወደ ቤቱ ወሰደው፤ መጻሕፍትን እያስተማረ አሳደገው። ከጊዜ በኋላም ዲቁና ሾሞ ጸሐፊው አደረገው።

የአርዮስ ክሕደትና ጉባኤ ኒቅያ

ስደቱ በ313 ዓ.ም. ቆሞ ምእመናን እፎይ ባሉ ጊዜ ሌላ ፈተና ከውስጥ ተነሣ። በእስክንድርያ ቄስ የነበረው አርዮስ፣ ወልድ ፍጡር ነው፣ ያልነበረበትም ጊዜ ነበር እያለ ማስተማር ጀመረ። ንግግሩ ለስላሳ ስለ ነበር፣ ትምህርቱንም ሕዝቡ በቀላሉ በሚይዘው ዜማ ስላሰራጨው ብዙዎችን አሳተ። ቅዱስ እለእስክንድሮስ መክሮ ባልተመለሰ ጊዜ አወገዘው፤ ነገሩ ግን በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ተዛመተ። በዚህም ምክንያት በ325 ዓ.ም. በንጉሡ በቆስጠንጢኖስ ጥሪ 318ቱ ሊቃውንት በኒቅያ ተሰበሰቡ። ቅዱስ አትናቴዎስ በዲቁና ማዕርግ ሊቀ ጳጳሳቱን ተከትሎ ሄደ፤ በዕድሜ ወጣት ቢሆንም ለአርዮሳውያን ክርክር መልስ በመስጠት የታወቀ ሆነ። ጉባኤውም ወልድ ከአብ ጋር በመለኮት የተካከለ፣ የባሕርይ ልጁ መሆኑን መስክሮ አርዮስን አወገዘ።

የክርክሩን ክብደት ማስተዋል ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰዎች በዚያን ዘመን ጠቡ ስለ አንዲት ቃል ብቻ ይመስላቸው ነበር። ቅዱስ አትናቴዎስ ግን ጉዳዩ የሰው ልጅ ሕይወት መሆኑን ተረድቶ ነበር። ወልድ ፍጡር ከሆነ እርሱ ራሱ ሕይወትን ከሌላ የተቀበለ ይሆናልና ለእኛ የዘለዓለም ሕይወት ሊሰጠን አይችልም፤ ፍጡር ፍጡርን ከሞት ሊያወጣ አይችልምና። ሞትን ድል የነሣልን ግን የሕይወት ባለቤት እርሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ቅዱሱ ስለ ክርስቶስ አምላክነት ሲከራከር ለዘመኑም ለሚመጣውም ትውልድ የትንሣኤን ተስፋ ይጠብቅ ነበር።

በቅዱስ ማርቆስ መንበር

በ328 ዓ.ም. ቅዱስ እለእስክንድሮስ ሲያርፍ ቅዱስ አትናቴዎስ 20ኛ ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ በመንበረ ማርቆስ ተሾመ። ዕድሜው 30 ዓመት ገደማ ነበር። ከሹመቱ በኋላ በመንበሩ ተቀምጦ ሹማምንትን አልጠበቀም፤ በዓባይ ወንዝ ሽቅብ ተጉዞ እስከ ላይኛው ግብፅ ምእመናንንና መነኮሳትን ጎበኘ። በዚያ ጉዞ የማኅበር ኑሮ ምንኵስና አባት የሆነው አባ ጳኩሚስ፣ ቅስና እንዳይሾመው ፈርቶ በመነኮሳቱ መካከል እንደ ተሰወረበት ይነገራል። ከመነኮሳት ጋር በዚያ ጊዜ የጀመረው ፍቅር በኋላ በመከራው ዘመን መጠጊያ ሆነለት።

ብዙም ሳይቆይ በቤተ መንግሥት ወዳጆች ያሏቸው የአርዮስ ደጋፊዎች ንጉሡን አግባቡት። ቆስጠንጢኖስም አርዮስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ኅብረት እንዲመለስ አዘዘ። ቅዱስ አትናቴዎስ ግን ክሕደቱን ያልተወን ሰው በንጉሥ ትእዛዝ ማቁረብ እንደማይቻል መልስ ሰጠ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሐሰት ክስ አልተለየውም።

ከክሶቹ ሁሉ የከፋው አርሳንዮስ የተባለ ጳጳስ ገድሎ እጁን ለጥንቆላ ቆርጧል የሚለው ነበር። ከሳሾቹ በ335 ዓ.ም. በጢሮስ በተሰበሰበው ጉባኤ የደረቀ እጅ ይዘው ቀረቡ። አርሳንዮስ ግን ተሸሽጎ በሕይወት ይኖር ነበር፤ የቅዱስ አትናቴዎስ ሰዎች ፈልገው አግኝተውት ነበር። ቅዱሱም ሰውየውን ተከናንቦ እንዲገባ አድርጎ በጉባኤው ፊት ፊቱን ገለጠው፤ ቀጥሎም አንድ እጁን፣ ቆይቶም ሁለተኛውን አሳያቸው። ሦስተኛውን እጅ ከየት እንዳመጡት ከሳሾቹ ሊናገሩ አልቻሉም። ይህን ያህል ሐሰታቸው ቢገለጥም ፍርዱ አስቀድሞ የተቆረጠ ነበርና ከመንበሩ እንዲሻር ወሰኑ።

ከስደት ወደ ስደት

ቅዱስ አትናቴዎስ ወደ ቁስጥንጥንያ ሄዶ ለንጉሡ አቤት አለ። ጠላቶቹም ተከትለውት ሌላ ክስ አመጡ፤ ከእስክንድርያ ወደ ቁስጥንጥንያ የሚሄደውን የእህል መርከብ አስቀራለሁ ብሏል አሉ። ዋና ከተማዋ በግብፅ እህል የምትኖር ስለ ነበረች ንጉሡ በዚህ ክስ ተቆጣ፤ በዛሬይቱ ጀርመን ወደምትገኘው ወደ ትሪየር ከተማ አጋዘው። ከዓባይ ዳር የመጣው አባት በሰሜን አውሮፓ ቅዝቃዜ ከሁለት ዓመት በላይ ተቀመጠ። የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት በየዓመቱ የትንሣኤን በዓል ቀን የሚያሳውቁበትን መልእክት የመላክ ልማድ ነበራቸው፤ እርሱም ከዚያ ሩቅ አገር ሆኖ ለምእመናኑ ጽፏል። ሥጋው ቢርቅ እረኝነቱ አልተቋረጠም።

በ337 ዓ.ም. ቆስጠንጢኖስ ሲሞት ወደ መንበሩ ተመለሰ፤ ዕረፍቱ ግን አጭር ነበር። በምሥራቅ የነገሠው ቆስጠንጢዮስ የአርዮሳውያን ደጋፊ ስለ ነበር በ339 ዓ.ም. ጎርጎርዮስ የተባለ ቀጰዶቃዊ በወታደር ኃይል በመንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቅዱስ አትናቴዎስም ወደ ሮም ተሰደደ፤ የሮም ሊቀ ጳጳሳት ዮልዮስ በክብር ተቀበለው። በዚያም የግብፅን መነኮሳት ኑሮ ለምዕራቡ ዓለም አስተዋወቀ። ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ከቆየ በኋላ በ346 ዓ.ም. ሲመለስ የእስክንድርያ ሕዝብ ከከተማ ርቆ ወጥቶ በእልልታ ተቀበለው።

ቅዱስ አትናቴዎስና ኢትዮጵያ

ይህ አባት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ ሰው አይደለም። ከጢሮስ መጥቶ በአክሱም ቤተ መንግሥት ያደገው ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ወርዶ፣ በኢትዮጵያ ምእመናን እንዳሉና እረኛ እንደሚያስፈልጋቸው ባመለከተ ጊዜ ቅዱስ አትናቴዎስ ከእርሱ የተሻለ ሰው እንደማይገኝ አውቆ ጵጵስና ሾሞ መልሶ ላከው። እርሱም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተብሎ የመጀመሪያው ጳጳሳችን ሆነ።

በኋላም ቅዱስ አትናቴዎስ በስደት ሳለ ንጉሡ ቆስጠንጢዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስን የሾመው አትናቴዎስ ስለ ሆነ ወደ እስክንድርያ ተልኮ፣ በአትናቴዎስ ቦታ በተቀመጠው በአርዮሳዊው ጊዮርጊስ ፊት ሃይማኖቱ እንዲመረመር የሚያዝዝ ደብዳቤ ነበር። ይህ ደብዳቤ ዛሬም የሚታወቀው ቅዱስ አትናቴዎስ ለመከላከያው በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስላስቀመጠው ነው። የዓለም ኃያል መንግሥት ቢያዝዝም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የአርዮስን ትምህርት አልተቀበለችም። ዛሬ በየቅዳሴው የምንጸልየው የኒቅያ ሃይማኖት በዚያ ዘመን በብዙ ዋጋ የተጠበቀ አደራ ነው።

በየካቲት ወር በአንዲት ሌሊት

ከፈተናዎቹ ሁሉ የከበደው በ356 ዓ.ም. የካቲት ወር ደረሰ። ምእመናን በቴዎናስ ቤተ ክርስቲያን ለሌሊት ጸሎት ተሰብስበው ሳለ ሲርያኖስ የተባለ የጦር አዛዥ በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች አስከትሎ ቤተ ክርስቲያኑን ከበበ። ቅዱስ አትናቴዎስ በመንበሩ ተቀምጦ ነበር። ለመሸሽ አልተነሣም፤ ዲያቆኑ የእግዚአብሔር ምሕረት ለዘለዓለም መሆኑን የሚናገረውን የዳዊት መዝሙር እንዲያነብ፣ ሕዝቡም እየተቀበለ እንዲመልስ አዘዘ። ወታደሮቹ በሩን ሰብረው ገቡ፤ ሰይፍ ተመዘዘ፤ ፍላጻ ተወረወረ፤ ብዙዎች ተረግጠው ሞቱ።

ካህናቱና ሕዝቡ እንዲያመልጥ ቢለምኑት ምእመናኑ አስቀድመው ሳይወጡ አልንቀሳቀስም አለ። አብዛኛው ሰው ከወጣ በኋላ መነኮሳትና ካህናት እየጎተቱ አወጡት፤ በግርግሩም መካከል ከመጨነቅ ብዛት ራሱን እንደ ሳተ ተጽፏል። ወታደሮቹ በየቦታው ቢፈልጉትም አላገኙትም። በነጋም ጊዜ ምእመናን የሞቱትን ቀበሩ፤ እረኛቸው በሕይወት ይኑር አይኑር ግን አያውቁም ነበር።

ስድስት ዓመት በበረሃ

ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ስድስት ዓመት በግብፅ ገዳማትና በረሃዎች ተሰውሮ ኖረ። መነኮሳቱ ከገዳም ወደ ገዳም እያሻገሩ ደበቁት። ወዳጁና ደጋፊው ታላቁ አባት እንጦንስ ያረፈው በዚሁ በ356 ዓ.ም. ነበር፤ ቀድሞ አርዮሳውያንን ለመቃወም ከበረሃ ወጥቶ ወደ እስክንድርያ ወርዶ ነበር። ሲያርፍም ከጥቂት ንብረቱ አንዱን የበግ ለምድና የሚተኛበትን አሮጌ ልብስ ለቅዱስ አትናቴዎስ እንዲሰጡለት አዝዞ ነበር።

ቅዱሱ እነዚያን ዓመታት በምሬት አላሳለፈም። የእንጦንስን ገድል ጻፈ፤ ይህም መጽሐፍ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ በምሥራቅም በምዕራብም ብዙዎችን ወደ ምንኵስና የጠራ ሆነ። ስለ መንፈስ ቅዱስ አምላክነት ለጳጳሱ ለሰራፕዮን መልእክታትን ላከ። ጠላቶቹ ከመንበሩ ሲያሳድዱት ለቤተ ክርስቲያን በሙሉ አስተማሪ አደረጉት።

በውጭ ያለው ዓለም ግን ጨልሞ ነበር። በኒቅያ ጉባኤ ከታወቁት አባቶች አንዱ የነበረው፣ ወደ መቶ ዓመት የተጠጋው የኮርዶባው ኦስዮስ በብዙ ግፊት ተገድዶ በአርዮሳውያን ጽሑፍ ላይ ፈረመ። በ359 ዓ.ም. በንጉሡ ትእዛዝ በተሰበሰቡ ጉባኤያት ብዙ ጳጳሳት በድካምና በማስፈራራት የኒቅያን ቃል ተዉ። በሰው ዓይን ሲታይ ነገሩ አልቆለት ነበር፤ ንጉሡም፣ ጉባኤውም፣ ወታደሩም፣ አብያተ ክርስቲያናቱም በሌላው ወገን እጅ ነበሩ። ቅዱስ አትናቴዎስ ግን እውነትን በሰው ብዛት አልመዘነም፤ ለመቼ እንደሚያበራ ሳያውቅ መብራቱን ይዞ ቆመ።

የወደቁትን የተቀበለ አባት

በ361 ዓ.ም. ቆስጠንጢዮስ ሞተ፤ ከእርሱ በኋላ የነገሠው ዑልያኖስ ከሃዲ የተሰደዱት ጳጳሳት ሁሉ እንዲመለሱ ፈቀደ። ቅዱስ አትናቴዎስም በ362 ዓ.ም. ወደ ከተማው ገብቶ ጉባኤ ሰበሰበ። በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር የጽናቱን ባሕርይ የሚገልጥ ነው። በፍርሃት ፈርመው የነበሩ ብዙ ጳጳሳት መመለስ ይፈልጉ ነበር፤ አንዳንድ ቀናዕያን ግን እንዲህ ያሉትን መቀበል አይገባም ይሉ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የተበደለውና የተሰደደው እርሱ ሳለ፣ ክሕደቱን አውግዘው የኒቅያን ሃይማኖት እስካመኑ ድረስ እንዲቀበሏቸው ወሰነ። በቃል አጠቃቀም የተለያዩትንም ጠይቆ፣ አሳባቸው አንድ መሆኑን ሲረዳ አስታረቃቸው። በሃይማኖት የማይናወጽ ሰው በወንድሙ ላይ ጨካኝ ሊሆን እንደማይገባው በዚህ አስተማረ።

ዑልያኖስ ጣዖት አምላኪ ነበርና የቅዱሱ ትምህርት ብዙ አረማውያንን እንደ ሳበ ሲሰማ በዚያው ዓመት እንደገና አሳደደው። ምእመናን ሲያለቅሱ ይህ ፈጥኖ የሚያልፍ ትንሽ ደመና መሆኑን ነግሮ አጽናናቸው። በዓባይ ወንዝ ሽቅብ ሲጓዝ አሳዳጆቹ እንደ ተከተሉት ሰማ፤ ታንኳውን ወደ እነርሱ እንዲመልሱ አዘዘ። አሳዳጆቹም ሳያውቁት አትናቴዎስን አይታችኋልን ብለው ጠየቁ፤ ቅርብ መሆኑን ሲነግሯቸው ቸኩለው አለፉ፤ እርሱም ወደ ከተማ ተመልሶ ተሰወረ ይባላል። ዑልያኖስ በ363 ዓ.ም. በፋርስ ጦርነት ሞተ፤ ደመናውም አለፈ።

አምስተኛው ስደት በአርዮሳዊው ንጉሥ በዋሊስ ዘመን በ365 ዓ.ም. ሆነ። ዕድሜው ወደ 70 የተጠጋው አባት አሁንም ከከተማ ወጥቶ አራት ወር ተሰወረ። ሕዝቡ ግን ስለ አባቱ አጥብቆ ስለ ታወከ ንጉሡ ፈርቶ እንዲመለስ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ በሰላም ሰባት ዓመት ያህል አገለገለ። በ367 ዓ.ም. በላከው የትንሣኤ መልእክትም የሐዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት በስም ዘርዝሮ ለምእመናን አሳወቀ።

ቅዱስ አትናቴዎስ በ373 ዓ.ም. ግንቦት 7 ቀን በሰላም ዐረፈ። በመንበሩ ከተሾመ 45 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ከእነዚህም 17 ዓመት ያህሉን በስደት አሳለፈ። ሲያርፍ በቁስጥንጥንያ ዙፋን ላይ የነበረው አሁንም አርዮሳዊ ንጉሥ ነበር። የኒቅያ ሃይማኖት በ150 ሊቃውንት ጉባኤ በቁስጥንጥንያ የጸናው ቅዱሱ ካረፈ ከስምንት ዓመት በኋላ በ381 ዓ.ም. ነው። የደከመለትን ፍሬ በዓይነ ሥጋ ሳያይ፣ በተስፋ ብቻ ተሳልሞት አለፈ።

ያጸናው ተስፋ

ይህን ሁሉ እንዲሸከም ያስቻለው ምን ነበር? መልሱ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፉ ይገኛል። ከክርስቶስ ትንሣኤ በፊት ሰዎች ሁሉ ሞትን ይፈሩ እንደ ነበር፣ ከትንሣኤው በኋላ ግን ሕፃናትና ሴቶች እንኳ ስለ ክርስቶስ ወደ ሞት በደስታ እንደሚሄዱ ያስረዳል። ሞትንም በእውነተኛው ንጉሥ ተሸንፎ፣ እጅና እግሩ ታስሮ፣ መንገደኛ ሁሉ የሚዘባበትበትን ጨካኝ ገዥ ያስመስለዋል። ይህን የጻፈው በልጅነቱ ሰማዕታትን ያየ ሰው ነው። ሞት የታሰረ ከሆነ ትሪየርም፣ በረሃውም፣ የሲርያኖስ ሰይፍም ከክርስቶስ ሊለዩት እንደማይችሉ ያውቅ ነበር። የዘለዓለም ሕይወት ተስፋ ለእርሱ በመጨረሻው ሰዓት የሚታሰብ መጽናኛ ሳይሆን በየዕለቱ የሚቆምበት መሠረት ነበር።

የተወደዳችሁ ምእመናን! በእኛ ዘመን ብዙዎቻችን በንጉሥ ትእዛዝ አልተሰደድንም። ነገር ግን ሕመም ሲረዝም፣ ኑሮ ሲከብድ፣ የጸለይንበት ነገር ሲዘገይ፣ በስደት አገር ከቤተ ክርስቲያን ስንርቅ፣ በሥራ ቦታ ስለ ማዕተባችን ስንነቀፍ ልባችን ይዝላል። አንዳንዶቻችንም ወድቀን፣ ከእንግዲህ ማን ይቀበለኛል ብለን ከደጅ ቀርተናል። የቅዱስ አትናቴዎስ ሕይወት ለሁለቱም ወገን መልስ አለው። ለደከመው፣ የመከራው ደመና እንደሚያልፍ፣ በመከራም ውስጥ ሆኖ መሥራት እንደሚቻል ያሳየዋል። ለወደቀው ደግሞ የንስሓ በር ክፍት መሆኑን፣ በስደት 17 ዓመት የተንገላታው አባት ራሱ በሩን እንደ ከፈተ ይነግረዋል።

ጽናትም በአንድ ቀን የሚገኝ አይደለም። ቅዱሱ ከልጅነቱ ጀምሮ መጻሕፍትን ተምሯል፤ ከመነኮሳት ጋር በጸሎት ተባብሯል፤ በጭንቅ ሌሊት የዳዊትን መዝሙር ይዞ ተገኝቷል። እኛም ከጸሎት፣ ከጾም፣ ከንስሓና ከቅዱስ ቁርባን ሳንለይ ከኖርን ፈተናው ሲመጣ ባዶ እጃችንን አያገኘንም። ቤተ ክርስቲያናችን በስሙ የተሰየመውን ቅዳሴ አትናቴዎስን ስትቀድስ፣ የሰንበተ ክርስቲያንንም ክብር በእርሱ ስታወድስ፣ ሞት በተሸነፈበት ቀን በትንሣኤው ተስፋ እንድንቆም ትጠራናለች።

ቅዱስ አትናቴዎስን በሃይማኖት ያጸና አምላክ እኛንም እስከ መጨረሻው ያጽናን፤ የዘለዓለም ሕይወትንም ያውርሰን። የቅዱስ አባታችን ጸሎቱና በረከቱ አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።